ቤንዚኑ የት ቀረ? የአሮጌ መኪናን የነዳጅ ችግር ከሰልባቲዮ እስከ ካርቡሬተር መከታተል

ዲኤክሴ፣ አሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላዬ፣ ከተማ ውስጥ ምንም አትል ነበር። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ግን ዳገቱ ግማሽ ላይ ጉልበቷ ይከዳታል። መጀመሪያ ትስላለች፣ ቀጥላ ነዳጅ ስሰጣት እየባሰባት ትንገጫገጫለች፣ በመጨረሻም ትጠፋለች። አሥር ደቂቃ አርፋ ቁልፍ ሳዞር ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ሁለት ወር ሙሉ በዚህ ተመላለስኩ። ካንዴላ ተቀየረ፣ ፑንቲና ተቀየረ፣ ካርቡሬተሩ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ታጠበ። በመጨረሻ አንድ ጋራዥ ውስጥ «ካርቡሬተሩ አልቆለታል፣ ሌላ ይግዙ» ተባልኩ። ጥፋቱ የተገኘው ግን ከአውራ ጣቴ እምብዛም በማትረዝም የጎማ ቱቦ ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ብዙ ሰው በእኔ መንገድ ገንዘቡን ሲጨርስ ስለማይ ነው። ካርቡሬተር ኮፈን ሲከፈት ፊት ለፊት ስለሚታይ፣ ነዳጅ ነክ የሆነ ጥፋት ሁሉ በእሱ ይላከካል። እሱ ግን ቤንዚንን ከአየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጥ፣ የመንገዱ መጨረሻ ነው። ቤንዚን እሱ ጋ ከመድረሱ በፊት ብዙ በር ያልፋል፤ የትኛው በር እንደተዘጋ ሳያውቁ መጨረሻውን መፍታት፣ ቤት ውሃ ሲጠፋ ቧንቧውን ነቅሎ እንደመቀየር ነው። ባንኮኒው ላይ ያለው ቧንቧ ደህና ሆኖ የግቢው መስመር ተዘግቶ ይሆናላ።

ስለ የትኛው መኪና እንደማወራ ልንገራችሁ። በዋናነት ስለ ዲኤክስ ነው፤ 4ኬ የሚባለውን 1,290 ሲሲ ሞተር ስለያዘችው የፈረንጆቹ ሰማንያዎች ኮሮላ። ላዳና ቮልስ ላይም ነገሩ ያው ነው፤ ቮልስ ሰልባቲዮዋ (የነዳጅ ማጠራቀሚያዋ) ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ከመሆኑ በቀር። መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለንን አሮጌ መኪና በደንብ መያዝ ከበፊቱ የበለጠ ያስፈልገናል።

መንገዱ እንዲህ ነው። ቤንዚን ከሰልባቲዮ ተነስቶ በመኪናው ሆድ ሥር በተዘረጋ የብረት ቱቦ ይመጣል። ብረቱ ከሞተሩ ክፍል ሲደርስ በጎማ ቱቦ ይቀጠላል፤ ሞተር ይንቀጠቀጣልና ብረት ለብረት ቢገናኝ ይሰበራል። ከዚያ ፊልትሮ (ማጣሪያ) ያልፋል፣ ከዚያ ፓምፑ ይገባል። የዲኤክስ ፓምፕ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። የሞተሩ ጎን ላይ የታሰረ ነው፤ ቫልቮችን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ በዞረ ቁጥር የፓምፑን ክንድ ይገፋል፣ ክንዱ በውስጥ ያለችውን የጎማ ሽፋን ወደ ታች ይስባል፣ ቤንዚን ይመጠጣል። ሽፋኗ በስፕሪንግ ስትመለስ ደግሞ ቤንዚኑን ወደ ካርቡሬተር ትገፋዋለች። የካርቡሬተሩ ሆድ ሲሞላ ውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ከፍ ብሎ መግቢያውን በመርፌ ይዘጋል። የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለውን ኳስ አይታችሁ ከሆነ፣ ሥራው አንድ ነው።

አሁን አንድ ትንሽ ሒሳብ። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በሰዓት 60 ብትነዳ፣ በሰዓት 6 ሊትር ትጨርሳለች፤ በደቂቃ ሲሆን 100 ሚሊ ሊትር። ይህ ከአንድ የቡና ስኒ ብዙም አይበልጥም። ዳገት ላይ ግን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ትጠጣለች። ካርቡሬተሩ ሆድ ውስጥ የሚጠራቀመው ደግሞ ከስኒ ያነሰ ነው። ስለዚህ ፓምፑ በቂ ካላመጣ ዳገቱን ጀምረው ጥቂት እስኪቆዩ ድረስ መኪናዋ ባጠራቀመችው ትሄዳለች፣ ከዚያ ያልቅባታል። ከተማ ውስጥ ደህና የሆነች መኪና እንጦጦ ላይ የምትጠፋው ለዚህ ነው። ቆማ ስታርፍ የምትነሳውም ቁልፍ ሲዞር ፓምፑ ቀስ እያለ ሆዷን መልሶ ስለሚሞላው ነው።

ግን በእርግጥ የነዳጅ ችግር ነው ወይ? ይህን ሳይለዩ ምንም አይንኩ። የጋለ ኮይል ወይም ኮንደንሰርም (ለካንዴላ እሳት የሚያዘጋጁት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች) መኪናን ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝም ያስነሳታል፤ ምልክቱ ከነዳጅ ችግር ጋር መንታ ነው። አንድ የሚለይበት ነገር አጠፋፉ ነው። እሳት ሲቋረጥ መብራት እንደማጥፋት በአንድ ጊዜ ድርግም ይላል። ነዳጅ ሲያጥር ግን ሞተሩ ያስታውቃል፤ ያስላል፣ ይነጥቃል፣ በካርቡሬተሩ በኩል መልሶ ይተፋል፣ እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ ትንሽ ይሻለዋል። ይህ ሁልጊዜ ባይሆንም አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። እርግጠኛ ለመሆን መመርመር ያለበት በጠፋችበት ቅጽበት ነው። አስጎትተው ጋራዥ ሲያደርሷት ቀዝቅዛለች፣ መካኒኩ ቁልፍ ሲያዞር ሆዷ ይሞላል፣ ትነሳለች፣ እሱም እርስዎም ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ።

ዲኤክስ ላይ ለዚህ የሚያገለግል አንድ ድንቅ ነገር አለ፤ ብዙ ባለቤት ለዓመታት እየነዳ ልብ አይለውም። በካርቡሬተሩ ጎን ላይ ከሳንቲም ብዙም የማትበልጥ ክብ የመስታወት መስኮት አለች። በቆሻሻና በዘይት ተሸፍና ትቆያለች። በጨርቅ ይጥረጓትና ዓይንዎን ወደ ቁመቷ ዝቅ አድርገው ይመልከቱ። ጤነኛ ከሆነ የቤንዚኑ መስመር በመስኮቷ መሐል አካባቢ አግድም ይታያል፤ መኪናዋን ቀስ አድርገው ቢነቀንቁ መስመሩም ይነቃነቃል። እንግዲህ መኪናዋ እንደጠፋች ወዲያው መንገድ ዳር ይዘው ኮፈኑን ያንሱና ይቺን መስኮት ይዩ። ባዶ ከሆነች ጥፋቱ ከካርቡሬተሩ በፊት ነው፤ ካርቡሬተሩን ማንም እንዲፈታው አይፍቀዱ። ቤንዚን ካለ ግን ሰልባቲዮውም ፓምፑም ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ችግሩ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነው፣ ያለዚያም ጭራሽ የነዳጅ አይደለም።

መስኮት የሌለው ካርቡሬተር ከሆነ ሞተሩ እንደጠፋ የአየር ፊልትሮውን ክዳን አንስተው ወደ ጉሮሮው ይመልከቱና የነዳጅ ሽቦውን በእጅ ይሳቡ። ቀጭን የቤንዚን ጨረር ጢቅ ካለ ሆዱ ውስጥ ቤንዚን አለ ማለት ነው። ፊትዎን ጉሮሮው ላይ አይድፉ፤ በዚህ ጊዜ ማንም ሰው ቁልፍ እንዳያዞር። ሞተሩ መልሶ ቢተፋ እሳት ነው የሚወጣው። እየተዞረ ሳለ በክዳን ቤንዚን ጉሮሮው ውስጥ የሚያፈሱ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ እጅና ፊት የሚቃጠለው በዚህ ነው።

መስኮቷ ባዶ ሆነች እንበል። ከቀላሉ እንጀምር። ጌጁ ሩብ ቢያሳይም አትመኑት፤ የአሮጌ መኪና ጌጅ ይዋሻል። ጥቂት ሊትር ይጨምሩበትና ይዩ። ቀጥሎ የሰልባቲዮውን ክዳን በጠፋችበት ሰዓት ይክፈቱ። ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ ለዚህ የተሠራው መተንፈሻ በአቧራ ከተደፈነ ሰልባቲዮው ውስጥ ያለው አየር እየሳሳ ሄዶ ፓምፑን መልሶ ይጎትተዋል። ክዳኑ ሲከፈት «ፍሽሽ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ከሳበና መኪናዋ ከዚያ በኋላ ከሄደች፣ መድኃኒቱ ክዳኑን ማጽዳት ወይም መቀየር ነው። የኦሪጅናሉ ክዳን ጠፍቶ ከሌላ መኪና የመጣ ድፍን ክዳን የገጠመ ሰው ይህ ደጋግሞ ይገጥመዋል።

ፊልትሮ ርካሽ ነው፣ መቀየሩ አይከፋም። ግን አሮጌውን ሳይጥሉ የገባበትን ጫፍ ወደ ነጭ ጨርቅ ገልብጠው ያራግፉት። ቀይ ቡናማ ዱቄት ከወጣ የሰልባቲዮ ዝገት ነው፤ አዲሱም ፊልትሮ በቅርቡ ይሞላል። የውሃ ጠብታ ከወጣ ሰልባቲዮው ሥር ውሃ ተኝቷል። ይህ በእኛ አገር የራሱ ታሪክ አለው። በ2001 ዓ.ም ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር ከመቶ አምስት እጅ መቀላቀል ተጀመረ፣ በኋላም ወደ አሥር ከፍ ብሎ ነበር። ኢታኖል ውሃ ይስባል፤ ለዓመታት ግድግዳ ላይ የጋገረውንም ቆሻሻ ፈትቶ ያወርደዋል፤ ለእሱ ያልተሠራ የድሮ ጎማም ይጠነክርና ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጄሪካን የምንገዛው አለ። በብርጭቆ ማሰሮ ቀድተው ትንሽ ቢያቆዩት ውሃው ከሥር ተለይቶ ይታያል።

ከዚህ ቀጥሎ የፓምፑን ጉልበት እንይ። በመጀመሪያ ከኮይል ወደ ዲስትሪቢዩተር (እሳት አከፋፋዩ) የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ይንቀሉና ጫፉን ብረት አስነክተው ከቤንዚኑ አርቀው ይሰሩት፤ ቤንዚን አጠገብ እሳት እንዳይፈናጠር ነው። ከፓምፑ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄደውን ቱቦ ከካርቡሬተሩ በኩል ይፍቱና ማሰሮ ውስጥ ይክተቱ። አንድ ሰው ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ከአሥር ሰከንድ ላልበለጠ ጊዜ ያዙር። ቤንዚኑ በእያንዳንዱ ምት ጠንክሮ መወርወር አለበት። ከተንጠባጠበ ወይም አረፋ አረፋ እያለ ከመጣ ችግር አለ። አረፋ ስታዩ ልብ በሉ፤ የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው።

ፓምፑ ሰነፈ ማለት ግን ፓምፑ ሞተ ማለት አይደለም። የሚጠጣው አጥቶ ሊሆን ይችላል። ይህንን የሚለይ ሙከራ ያስተማረኝ አንድ አዛውንት መካኒክ ነው፤ ጓደኛዬ ቤት አጠገብ፣ አጥር ሥር የሚሠራ። መኪናዬን ሲያይ ካርቡሬተሩን አልነካም። መስኮቷን በአውራ ጣቱ ጠርጎ አየና ዝም አለ። ከዚያ ንጹሕ ቤንዚን ያለበት ትንሽ ጄሪካን መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ከሰልባቲዮ የሚመጣውን ቱቦ ከፓምፑ ነቅሎ በምትኩ አዲስ ቱቦ ከጄሪካኑ አገናኘ። «ለምን ከፍ አድርገው ሞተሩ ላይ አያስቀምጡትም ጋሼ?» አልኩት። «ከላይ ካስቀመጥኩት በራሱ ይወርዳል፣ ፓምፑን በምን ልመዝነው? እስቲ ከታች ይሳብ» አለኝ።

ሞተሩ ተነሳ። ነዳጅ ሰጠው፣ አስጮኸው፣ ደቂቃዎች ቆየ፤ መስኮቷ ውስጥ ያለው መስመር ንቅንቅ አላለም። ፓምፑ ጤነኛ ነው፣ ካርቡሬተሩም ጤነኛ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ ከፓምፑ ወደ ኋላ፣ እስከ ሰልባቲዮው ባለው ብቻ ተወሰነ። እጁን ሰዶ ብረቱ ከጎማ ቱቦው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ዳሰሰ፣ ፋሼታውን (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበቱን) አላላ፣ ቱቦዋን ነቅሎ በሁለት ጣቶቹ አጠፋት። ፋሼታው የተቀመጠበት ቦታ ላይ፣ በምላጭ እንደተቆረጠ ቆዳ፣ ጥቁር ስንጥቅ አፉን ከፈተ። «ግን እኮ አንድም ቀን ቤንዚን አፍስሶ አያውቅም» አልኩት። «አያፈስማ። እዚህ ጋ ቤንዚን አይወጣም፣ አየር ነው የሚገባው።»

ይህቺ አባባሉ የነገሩን ግማሽ ትይዛለች። ከፓምፑ ወዲህ፣ ወደ ካርቡሬተሩ ያለው ቱቦ ተገፍቶ የሚሄድ ቤንዚን ስላለበት ሲሰነጠቅ ያፈስሳል፤ ይሸታል፣ ይታያል። ከፓምፑ ወዲያ ያለው ግን የሚሳብበት ነው። ጭማቂ በተቀደደ ስትሮው የሚጠጣ ልጅን አስቡት፤ ቀዳዳው ጭማቂ አያፈስም፣ ልጁ ግን አየር ብቻ ይስባል። ዳገት ላይ ፓምፑ ጠንክሮ ሲስብ፣ ሞተሩም ግሎ ጎማው ሲለሰልስ ስንጥቁ ይከፈታል። ሲቀዘቅዝ ይዘጋል። ደረቅ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። ስለዚህ ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ የነዳጅ ጎማ ቱቦ ካለዎት ሳይፈተሽ በሙሉ ይቀየር። ለቤንዚን የተሠራ ቱቦ ይግዙ፤ የውሃ ፕላስቲክ ቤንዚን ያደርቀዋል፣ ሲግል ደግሞ ይጣበቃል።

ቱቦዎቹ ሁሉ አዲስ ሆነው ችግሩ ካልለቀቀ የብረት መስመሩና የሰልባቲዮው መምጠጫ ይቀራሉ። መስመሩን ከፓምፑም ከፊልትሮውም ነቅለው፣ ክዳኑን ከፍተው፣ በጎማ መንፊያ ወደ ሰልባቲዮው ቀስ አድርገው ይንፉት። ሌላ ሰው ጆሮውን ከክዳኑ ራቅ አድርጎ ያዳምጥ፤ ቤንዚኑ ውስጥ ጉርጉር የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። ጎሚስታ ቤት ያለውን ኃይለኛ አየር ሳይቀንሱ አይልቀቁበት። በአፍም አይንፉ፣ በአፍም አይሳቡ። ቤንዚን በአፍ መሳብ እንደ ተራ ነገር ይታያል፤ አንዲት ጉንጭ ተሳስታ ሳንባ ከገባች ግን ሰው ትገድላለች። ከተነፋ በኋላ መኪናዋ ጥቂት ቀን ደህና ሄዳ ከተመለሰባት፣ ዝገቱ መምጠጫው ላይ እንደገና ተከምሯል። ያን ጊዜ ሰልባቲዮው ወርዶ መታጠብ ነው ያለበት። ቤንዚን የነበረበት ሰልባቲዮ ባዶውን ቢሆንም ብየዳ አጠገብ አይቅረብ፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው።

ፓምፑ ራሱ ሲሞት ሁለት ምልክት ይሰጣል። አንዱ በሆዱ ሥር ባለች ትንሽ ቀዳዳ ቤንዚን ወይም ዘይት ማንጠባጠብ ነው። ሁለተኛው የሚያስፈራኝ ነው። ውስጡ ያለችው የጎማ ሽፋን ስትቀደድ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ዘይት ይወርዳል። የዘይት መለኪያውን መዘዝ አድርገው ያሽቱት። ከልክ በላይ ከፍ ብሎ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ፣ ሞተሩን አያስነሱ። ዘይቱ ቀጥኗል፤ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው የሚሄደው። ፓምፕና ዘይት ቀይሮ መገላገል ሲቻል ሞተር ያስወርዳል። አዲስ ፓምፕ ሲገጠም ደግሞ በፓምፑና በሞተሩ መሐል የምትገባው ወፍራም ጥቁር ማገጃ መመለሷን ያረጋግጡ። ሁለት ሥራ አላት፤ የሞተሩን ሙቀት ከቤንዚኑ ታግዳለች፣ የፓምፑን ክንድ ርቀትም ትጠብቃለች። ያለ እሷ የተገጠመ ፓምፕ ክንዱ ቶሎ ያልቃል።

ሙቀት ካነሳን፣ ዓባይ በረሃን ያለፈ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፣ ከዚያ ያው ሁሉ ወደ ደጀን ይወጣል። ቆላው ሙቀት ውስጥ፣ በትንሽ ማርሽ፣ በዝግታ ስትወጡ ቤንዚኑ ፓምፑና ቱቦው ውስጥ ይፈላል። ፓምፕ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይሆንለትም። ከፍ ያለ አገር ላይ ደግሞ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ አዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ቤንዚንም እንደ ውሃው በቶሎ ይፈላል። ሹፌሮች እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ የሚያኖሩት ከዚህ የተነሳ ነው፤ ይሠራል። ቱቦው ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) መጀመሪያ ጋር ተጠግቶ ከሆነ ማራቁ ደግሞ ከጨርቁ ይሻላል።

መስኮቷ ሙሉ ሆና መኪናዋ ካስቸገረችስ? በፍጥነት ስትሄድ ደህና ሆና ሚኒሞ ላይ (እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ) ብቻ የምትጠፋ ከሆነ፣ ካርቡሬተሩ ላይ ሽቦ ያላትን ትንሽ ቫልቭ ይመልከቱ። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ሲከፍቱ «ቀጭ» ማለት አለባት። ካላለች የሚኒሞውን ቤንዚን ዘግታዋለች፤ ሽቦዋ ተነቅሎ ብቻም ሊሆን ይችላል። ቤንዚኑ ከመስኮቷ በላይ ሞልቶ ጥቁር ጭስና ጥቁር ካንዴላ ካለ፣ መርፌው አልዘጋም ወይም ተንሳፋፊው ተቀዶ ሰጥሟል። ካርቡሬተር መታጠብ ያለበት በዚህ ጊዜ ነው። ሲታጠብም ትንንሾቹ የናስ ቀዳዳዎች በሽቦ እንዳይወጉ አጠገቡ ቆመው ይለምኑ። ስፋታቸው የሚለካው በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፤ አንድ ጊዜ በሽቦ የተፋቀች ቀዳዳ ተመልሳ አትጠብም፣ ከዚያ ወዲያ ነዳጅ መብላት ነው።

ካርቡሬተር የሌላቸው፣ ከፈረንጆቹ ዘጠናዎች ወዲህ ያሉት ብዙዎቹ ኮሮላዎች፣ ፓምፓቸው ሰልባቲዮው ውስጥ የተዘፈቀ የኤሌክትሪክ ነው። ፊውዙንና ሪሌውን (ኤሌክትሪክ የሚለቅለትን ማብሪያ) አስቀድመው ይዩ። ግፊቱ ከካርቡሬተሩ መኪና አሥር እጥፍ ያህል ስለሆነ ቱቦውን እንዲሁ አይፍቱ፤ ዓይን ላይ ይረጫል፣ ይህ በመለኪያ የሚሠራ የባለሙያ ሥራ ነው። እርስዎ የሚችሉት ትልቁ ነገር ሰልባቲዮውን በሪዘርቭ አለመንዳት ነው፤ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው የተዘፈቀበት ቤንዚን ነው።

ጋራዥ ሲሄዱም «ካርቡሬተሩን እጠብልኝ» ብለው አይጀምሩ። ያዩትን ይንገሩት፦ ዳገት ላይ ብቻ ናት የምትጠፋው፣ ስትጠፋ መስኮቷ ባዶ ነበረች፣ ክዳኑን ስከፍት ለውጥ የለም፣ ከጄሪካን ስትጠጣ ግን ደህና ነች።